በትንሽ መርከብ ላይ መደበቂያ የለም

በክረምቱ መርከብ ላይ ወጥቼ እንደነበር ካልጋሪ ውስጥ ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። እዚያ ላይ ምን እንደሆንኩ ግን እያንዳንዱ ሰው የየራሱን እየጨመረበት ስለሚያወራው፣ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። አንዳንዱ መርከቡ ሰጥሞ ነበር ይላል። መርከቡ አልሰጠመም። የሰጠምኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያውም ውሃ ሳይነካኝ።

የምንኖረው ማርቲንዴል የሚባል የካልጋሪ ሰፈር ነው። እኔ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ ጽጌ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ለኔ ቬኬሽን ማለት ከቤታችን ሥር ያለውን ቤዝመንት ቀለም የምቀባበት ሳምንት ነው። ሜሮን፣ ልጃችን፣ ዳውንታውን የሚገኝ አንድ የጉዞ ወኪል ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። መሥሪያ ቤቷ ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ ብሎ በአንዲት ትንሽ የቅንጦት መርከብ ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን ጉዞ ሸለማት። ነገር ግን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበርና የጥርስ ሳሙና ሽታ እንኳ ያስመልሳታል። እና አንድ እሑድ ቤት መጥታ፣ «አባዬ፣ አንተና ማሚ ሂዱልኝ። ላይክ፣ ሪል ቬኬሽን ወስዳችሁ አታውቁም» አለች።

«እኔ ዋና አልችልም» አልኳት።

«አባዬ፣ መርከብ እኮ ነው። ማንም ዋኝ አይልህም።»

ልጄ ብዙ ነገር ታውቃለች፤ ይህችን ግን ተሳስታለች።

ዋና አለመቻሌን እንደ ነውር አትቁጠሩብኝ። ያደግኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ ያለው ወንዝ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሻገረው እንጂ የሚዋኝበት አልነበረም። ካልጋሪ ከመጣሁ በኋላም ውሃ የማውቀው በሻወር፣ በረዶ ደግሞ በአካፋ ነው።

ካልጋሪን በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ለቀን፣ ቶሮንቶ ላይ አውሮፕላን ቀይረን ካሪቢያን ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። እኔ ሙሉ ሱፍ ከነክራባቱ ለብሻለሁ፤ የቅንጦት መርከብ ከተባለ ብዬ። ወደቡ ላይ እንደ ዳውንታውን ሕንጻ ፎቅ በፎቅ የሆነ መርከብ ቆሟል። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በቀጥታ ወደሱ ሄድኩ። ነጭ የለበሰ ሰው ቲኬቴን አየና በትሕትና ወደ ጎን ጠቆመኝ። ከዚያ ግዙፍ መርከብ ጎን፣ እንደ ጥጃ ከናቷ ሥር የተለጠፈች አንዲት ነጭ መርከብ አለች። የኛ እሷ ናት።

«ትንሿ ናት እኮ» አልኳት ጽጌን፣ ትንሽ ቅር ብሎኝ።

«ውዷ ትንሿ ናት ብላለች ሜሮን። ዝም ብለህ ግባ።»

ገባን። በር ላይ የቆሙት ሁሉ ስሜን ያውቁታል። ወዲያው አንዲት ልጅ በብር ትሪ ላይ ነጭ ጥቅል ነገር አቀረበችልኝ። ይሄ የእንግዳ መቀበያቸው ነው ብዬ አንስቼ ልጎርሰው ስል ጽጌ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የፊት መጥረጊያ እርጥብ ፎጣ ነው። ልጅቷ ያየች አልመሰለችም፤ ያላየ መምሰል ሥራቸው መሆኑን በኋላ ነው የተረዳሁት።

እውነቱን ለመናገር መርከቧ ታምራለች። ክፍላችን ከመስኮቱ ሌላ በረንዳ አለው። ቀን ወጥተን ስንመለስ አልጋው ላይ ፎጣው ዝሆን ሆኖ ተቀምጦ እናገኘዋለን፤ ጽጌ እንዳይፈርስባት ብላ ዝሆኑን ወንበር ላይ አስቀምጣ በራሷ ሻርፕ ነው ፊቷን የምታብሰው። ምግቡ የሚመጣው የኛን ቤተሰብ ሁሉ ሊያበላ በሚችል ሰፊ ሳህን ላይ ሲሆን፣ መሃሉ ላይ ግን ሰው ሳያስበው ያንጠባጠበው የሚመስል ጠብታ ብቻ አለ። መጀመሪያ ቅምሻ መስሎኝ ዋናውን ምግብ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ሰዎቹ ጠግበው ተነሡ።

ተሳፋሪዎቹ ጡረታ የወጡ ዳኞች፣ ሐኪሞች፣ የሕንጻ ባለቤቶች ናቸው። ስለ መርከብ የሚያወሩት እኛ ስለ ዘመድ እንደምናወራው ነው፤ ያቺ መርከብ እንዲህ ናት፣ የዚያችኛው ካፒቴን ጨዋ ነው፣ የዚህችኛዋ ሾርባ ከአምና ወዲህ ተበላሽቷል እያሉ። «ይሄ ስንተኛ መርከባችሁ ነው?» ሲሉን ጽጌ «የመጀመሪያችን ነው» ትላለች፤ እነሱም ሕፃን እንዳዩ ሁሉ ደስ ይላቸዋል።

ግን የትንሽ መርከብ ችግር የገባኝ ቆይቶ ነው። በትልቁ መርከብ ላይ ብትሳሳት ሊፍት ውስጥ ገብተህ ትጠፋለህ። በትንሿ ላይ ግን ቁርስ ላይ የተሳሳትክባቸው ሰዎች ምሳ ላይ አሉ፣ እራት ላይ አሉ፣ ጀርባህን ስትሰጣቸውም በሌላኛው ደረጃ ዞረው ከፊትህ ይመጣሉ።

የኔ ጥፋት የተጀመረው በመጀመሪያው እራት ላይ ነው። ጽጌ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ስለነበር የዳኛው ሚስት ጥልፉን እየዳሰሰች በወሬ ይዛታለች። ከኔ አጠገብ የተቀመጠው ዳኛው ራሱ ነው፤ ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል። አስተናጋጁ በዛጎል ላይ የተቀመጠ አንድ የሚንቀጠቀጥ ነገር አቀረበልኝና ሌሎቹ በአንድ ጊዜ ሲውጡት አይቼ እኔም ጨለጥኩት። አልወርድም አለኝ። ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ ብሎ ጉሮሮዬ ላይ እንደቆመ ዳኛው ወደኔ ዞሮ፣ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

ድራይቨር ነኝ ማለቴ ነው። ከዚያ ነገር ጋር እየታገለ ከአፌ የወጣው ግን «ዳይቨር» ነው።

«ዳይቨር?» አለ ዳኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ። ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ሰው ማለት ነው። ካልጋሪ ደግሞ ባሕር የላትም። «ካልጋሪ ውስጥ?»

እስካሁን የሚቆጨኝ ይህቺ ቅጽበት ናት። ያን ነገር በውሃ አወራርጄ «አይደለም፣ አውቶቡስ ነው» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። ግን ቀና ስል የሁሉም ዓይን በኔ ላይ ነው፤ ለዓመታት በመስታወት የማያቸው ተሳፋሪዎቼ አንድም ቀን እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። እና ፈገግ አልኩ። ሌላ ምንም አላደረግኩም። ፈገግ ብቻ።

ከዚያ በኋላ በቃሌ አልዋሸሁም፤ ይሄን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፣ ግን አላጽናናኝም። በማግስቱ ቁርስ ላይ አንዲት ሴትዮ፣ «በዚያ ብርድ እንዴት ይሠራል?» አለችኝ።

«ደራርቤ እለብሳለሁ» አልኳት።

«ብቻህን ነው የምትወርደው?»

«አይ፣ ሰው ይዤ ነው።»

«ታስተምራቸዋለህ ማለት ነው?»

«አደርሳቸዋለሁ።»

«በጨለማም?»

«ሺፍቱ ከደረሰኝ አዎ።»

«አደገኛ ነገር አጋጥሞህ ያውቃል?»

ስለ ክረምት መንገድና ስለ አንዳንድ ተሳፋሪዎች አስቤ፣ «ብዙ» አልኳት። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ጽጌም ሳታውቅ አጠናከረችልኝ። የዳኛው ሚስት «ባልሽ ሥራ ላይ ሲሆን አትጨነቂም?» ብትላት፣ «ሲያዳልጥ እጨነቃለሁ፤ ግን በልምድ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው» ብላ መልሳላታለች። ቁልቁለቱን ማለቷ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን አንዱ መጥቶ «የባሕር ሰው ባል ማግባት እንዴት ነው?» ሲላት ነገሩ ገባት። ክፍላችን ገብታ በሩን ዘጋች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለሰዎቹ ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?»

የዛጎሉን ነገር ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን አቆመች። «እራት ላይ ንገራቸው።»

«እሺ።»

እራት ላይ ካፒቴኑ ከራሱ ጠረጴዛ እንድቀመጥ ጋበዘኝ። በዚያ ክብር መሃል እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ነገ ቁርስ ላይ አልኩ። ቁርስ ላይ ደግሞ ሉካስ የሚባለው የመርከቧ ጠላቂ፣ ተሳፋሪዎችን ውሃ ውስጥ ይዞ የሚወርደው ልጅ፣ «ለባለሙያ የሚሆን» ያለውን ጥቁር የላስቲክ ልብስ ይዞ ጠበቀኝ። ልኬን ልሞክረው ብዬ ክፍሌ ወስጄ ለበስኩት። እግሬ ገባ፣ ሆዴ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወደፊት አይሄድ፣ ወደኋላ አይመለስ። ጽጌ አልጋው ላይ ቆማ ከላይ ስትስበው፣ ክፍል የምታጸዳው ልጅ ፎጣ ይዛ ገባች። ምንም ሳትል ፎጣውን አስቀምጣ አንዱን እግሬን ያዘች። ሁለቱ ተጋግዘው አወጡኝ። ልጅቷ ስትወጣ ያላየች መስላ ነው።

ዋናን በአንድ ጠዋት የምለምድ ይመስል በማግስቱ ገና ሰው ሳይነሣ ወደ መርከቧ ገንዳ ሄድኩ። ገንዳዋ ከኛ የመታጠቢያ ገንዳ ብዙም አትበልጥም። ጠርዟን ጨብጬ ፊቴን ውሃ ውስጥ ከትቼ፣ ዓይኔ ተቃጥሎ፣ አፍንጫዬ ሞልቶ ቀና ስል ቡና የያዙ ሰዎች ቆመው ያዩኛል። «የትንፋሽ ልምምድ ነው» እያለ አንዱ ለሌላው ያስረዳል። አንዲት ሴትዮ ዝም እንዲሉ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ እንዳይረብሹኝ።

ዶሮቲ ያናገሩኝ ያን ቀን ነው። ሰማንያ ዓመት የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ በከዘራ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ብቻቸውን ነው የሚበሉት። እኔ ከገንዳው ስወጣ ፎጣ አቀበሉኝና፣ «እኔም ከካልጋሪ ነኝ፤ በደቡብ በኩል» አሉኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አሉና ስለ ባላቸው ስለ ሃሮልድ አጫወቱኝ። ሃሮልድ መምህር ነበሩ፤ ፍቅራቸው ግን ከውሃ ሥር ነው። ወጣት ሳሉ ሁለቱ ወደዚህ ባሕር መጥተው ነበር፤ መርከቧ ከነገ ወዲያ ከምትቆምበት ደሴት አጠገብ፣ ከባሕሩ ሥር ያለው የዓሣ መንደር፣ ሃሮልድ በሕይወታቸው ካዩት ሁሉ የሚያምረው ቦታ ነው ይሉ ነበር።

«ሲሞት አስከሬኑ ተቃጥሏል፤ አመዱን ይዤው መጥቻለሁ» አሉኝ። «እሱ ወደሚወደው ቦታ የሚያወርድልኝ ሰው ፈልጌ ነበር። ለሉካስ ነግሬው ነበር፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን አያውቀንም። ያንተን ስሰማ ግን ከገዛ ከተማችን የመጣ ሰው ይሻላል ብዬ ሉካስን ተወው አልኩት። ታደርግልኛለህ?»

አሁን ይሄን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይሞቃል። «አልችልም» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሽማግሌ ሴት እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ ስትጠይቀኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለሽማግሌ የማውቀው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ አፌ ሳያማክረኝ «እሺ» አለ። በአማርኛ። እሳቸው ግን ገባቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ለጽጌ ነገርኳት። «በሰው ሬሳ ቀለድክ» አለችኝ።

መርከቧ እዚያ ደሴት አጠገብ በቆመችበት ጠዋት ምን አደረግኩ? ታመምኩ። ጆሮዬን አመመኝ ብዬ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ፤ ጆሮው ያመመው ሰው ጥልቅ ውሃ አይገባም ሲባል ቁርስ ላይ ሰምቼ ነበርና። ትንሽ መርከብ ነው አላልኳችሁም? ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ጡረታ የወጣ የጆሮ ሐኪም ነው፤ መሣሪያውን ይዞ ነው የሚጓዘው። ሁለቱንም ጆሮዬን በመብራት አየልኝና፣ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ጆሮ በዚህ ዕድሜ አይቼ አላውቅም» ብሎ አበረታቶኝ ሄደ።

ጽጌ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። «ና እይ» አለችኝ።

ከበታች፣ ከመርከቧ ኋላ ወደ ውሃው የሚዘረጋ መድረክ ላይ ዶሮቲ በወንበር ተቀምጠዋል። ጥሩ ልብስ ለብሰዋል፤ የጆሮ ጌጥ አድርገዋል። ጭናቸው ላይ ትንሽ የእንጨት ሣጥን አለች፤ በሁለት እጃቸው ይዘዋታል። ሉካስ ሌሎቹን ይዞ በጀልባ ወደ ደሴቱ ማዶ ሄዷል። አጠገባቸው ማንም የለም። የሚጠብቁት እኔን ነው።

«ወይ አንተ ትነግሪያቸዋለህ፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ ጽጌ። እንዲህ አንተንና አንቺን የምታቀላቅለው በጣም ስትናደድ ነው።

ሱሪዬን ሳጠልቅ፣ ሸሚዜን ስፈልግ፣ ደረጃው ላይ ቆሜ ቃል ስመርጥ ጊዜው ሄደ። ስደርስ የሉካስ ጀልባ ተመልሳ እየታሰረች ነው፤ ከእግሬ ሥር የመልሕቁ ሰንሰለት መጎተት ሲጀምር ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

«ተሻለህ?» አሉኝ ዶሮቲ።

«አላመመኝም» አልኩ። «ዳይቨር አይደለሁም። ድራይቨር ነኝ። አውቶቡስ ነው የምነዳው።»

«አውቶቡስ?»

«አዎ።»

«መዋኘት ግን ትችላለህ።»

«አልችልም።»

መርከቧ መንቀሳቀስ ጀመረች። እሳቸው ውሃውን አዩት፤ ዓሣዎቹ አሉበት የተባለው ቦታ ቀለሙ ከሌላው ይለያል፣ ብሩህ ነው፤ ቀስ ብሎ ከኛ እየራቀ ነበር። ካፒቴኑን ልለምን፣ እንዲመለስ ልንገረው ብዬ ስነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ። ሣጥኗን ቦርሳቸው ውስጥ አስገብተው ዚፑን ዘጉ።

«ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አሉኝ።

እኛ አገር ቢሆን ይሰድቡኝ ነበር፤ በከዘራው አንድ ጊዜ ቢያቀምሱኝም ደስ ባለኝ። ይሄ የካናዳ ጨዋነት ግን ሰው የሚይዘው ነገር አይተውለትም። ክንዴን ልሰጣቸው ብል በትሕትና እምቢ ብለው ደረጃውን ብቻቸውን ወጡት፤ አንድ በአንድ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ እግራቸውን አያለሁ።

ምሳ ላይ መርከቧ በሙሉ ሰምታለች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ዳኛው ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «አውቶቡስም ትልቅ ኃላፊነት ነው» አለኝ፤ ሐኪሙ ጆሮዬን አየና ዓይኑን መለሰ። ካፒቴኑ ሰላም አለኝ፤ ወደ ጠረጴዛው ግን አልጠራኝም። ዶሮቲ ከዚያ በኋላ ምግባቸውን በክፍላቸው ነው የበሉት። በቀሩት ቀናት ባሕሩ ምን ይመስል እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ያየሁት ወለሉን ነው።

ካልጋሪ ተመለስን። ሜሮን ኤርፖርት ተቀብላን «ሶ? እንዴት ነበር?» ስትል እኔም ጽጌም በመኪናዋ መስኮት ውጭውን አየን። ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ከዘራ የያዘች ሽማግሌ ሴት በተሳፈረች ቁጥር በመስታወቱ ደጋግሜ አያታለሁ።

ጽጌ ነገሩን ልትይዘው አልቻለችም። ከቅዳሴ በኋላ ለጋሼ በየነ ነገረቻቸው። ጋሼ በየነ አቢዴል ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚህ ከተማ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተቀያየመ ሸሪክ ሁሉ በሳቸው እጅ ያልፋል። እኔን ወደ ጎን ጠርተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አመድ ነው ያልከው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡ። «እሱን ለእግዜር እንተወው። ግን ሴትዮዋን በድለሃል። ሽማግሌ ይላካል።»

«ጋሼ፣ ፈረንጅ እኮ ናቸው። አይገባቸውም።»

«መበደልህ ገብቷታል፤ ካሳውም ይገባታል።»

ጽጌ መርከቡ ላይ ገና በሰላሙ ጊዜ ከዶሮቲ ጋር ስልክ ተለዋውጣ ነበር። ደውላ ልንጠይቅዎት ብንመጣ አለች። ዶሮቲ «ኑ» አሉ። እሑድ ከሰዓት ሦስታችን ሄድን፤ ጽጌ ዳቦ ጋግራ፣ ጋሼ በየነ ነጭ ጋቢያቸውን ከክረምት ጃኬታቸው በላይ ደርበው። ቤታቸው ትንሽ፣ ጽዱ ናት። ሣጥኗ ከቴሌቪዥኑ በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ በየነ ለሣጥኗ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«ተቀመጡ» አሉን ዶሮቲ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ በየነ፤ ጽጌ ትተረጉማለች። «የመጣንበት ጉዳይ ካልተፈጸመ አንቀመጥም።»

ዶሮቲ ወንበሩ የማይመች መስሏቸው ሌላ አመጡ። ሶፋውን አሳዩን። ጋሼ በየነ አሁንም ቆመዋል። እንግዳ ቆሞ ዶሮቲ መቀመጥ አልሆነላቸውምና ከዘራቸውን ተደግፈው እሳቸውም ቆሙ። በዚያ ሳሎን ውስጥ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ሆነው አራታችን ተፋጠን ቆምን።

ጋሼ በየነ በዓይናቸው ምልክት ሰጡኝ። ሄጄ የዶሮቲ እግር ላይ ወደቅኩ። ዶሮቲ የወደቅኩት ራሴን ስቼ መስሏቸው ጽጌን ውሃ አምጪ፣ አምቡላንስ ጥሪ ይሏታል። ነገሩ እስኪብራራ ድረስ እኔ ምንጣፉ ላይ ግንባሬን ደፍቼ ቆየሁ። ምንጣፉ ላይ ሆኜ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ በዚያ ጠዋት ወንበር ላይ ሆነው ሲጠብቁ ከላይ እንዳየኋቸው፣ አይቼም ደረጃ ላይ እንደቆምኩ።

«ተነሥ» አሉኝ። ተነሣሁ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ያን ጠዋት የለበስኩትን ልብስ ሃሮልድ ነው የገዛልኝ» አሉ። «ቀኑን በጣም ስጠብቀው ነበር።»

«ይቅር ብዬዋለሁ ይበሉን» አሉ ጋሼ በየነ።

ዶሮቲ ቀና ብለው ሣጥኗን አዩ። «አልችልም» አሉ። «ገና ተናድጃለሁ። እንዲሁ ለጨዋነት ብል ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ይበቃናል።»

ጽጌ ስትተረጉም ጋሼ በየነ ደነገጡ። ይሄን ሁሉ ዓመት ሲያስታርቁ እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም። እኛ ዘንድ የተበደለው ይግደረደራል፣ ይለመናል፣ በመጨረሻ «ለናንተ ስል» ይላል። «ታዲያ ምን ይደረግ?» አሉ።

«ሌላ ቀን ብትመጡስ? ምናልባት ያን ጊዜ» አሉ ዶሮቲ። «ሻዩ ግን ፈልቷል።»

ሻዩን ቆመን ጠጣን። ዳቦውንም ቆመን በላን።

በሚቀጥለው እሑድ ሄድን። አሁንም አልወጣላቸውም። ስለ ሃሮልድ ግን አጫወቱን፤ ፎቶ አሳዩን። ከዚያም በሚቀጥለው። ጋሼ በየነ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ነገሩን አጥንተው፣ የተበደለው ሰው «እያሰብኩበት ነው» ካለ በወንበር ጠርዝ ላይ በግማሽ መቀመጥ እንደሚቻል ፈረዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግማሹ ሙሉ ሆነ። አሁን ጋሼና ዶሮቲ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ ካርታ ይጫወታሉ፤ ጽጌ በዶሮቲ ምድጃ ሽሮ ትሠራለች፤ እኔ በራቸው ላይ ያለውን በረዶ በአካፋ ጠርጌ እገባና በየሳምንቱ፣ ሣጥኗን እያየሁ፣ ፊቴ እንደ መጀመሪያው ቀን እየሞቀ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «እያሰብኩበት ነው» ይሉኛል።

ባለፈው እሑድ ሜሮን ወለደችና ሆስፒታል ዋልን፤ በሩጫ ላይ ሆነን መደወልም ረሳን። ማታ ቤት ስንገባ የጽጌ ስልክ ጮኸ። ዶሮቲ ናቸው። ጽጌ ልጅ መወለዱን ስትነግራቸው በጣም ተደሰቱ፤ ጾታውን፣ ኪሎውን፣ ማንን እንደሚመስል ጠየቁ። ከዚያ እኔን አገናኚኝ አሏት።

ስልኩን ተቀበልኩ።

«ዛሬ ይቅርታ ሳትጠይቀኝ ቀረህ» አሉኝ።